የእሁድ ትምህርት፦ በመካከለኛ በጀት የሳሎን ስፒከር እንዴት እንምረጥ?

 

ዛሬ እሁድ ስለሆነ የቡናም የእህልም ዋጋ የለም። እንደተለመደው አንድ ትምህርት ይዤ መጥቻለሁ፤ የዛሬው ግን ከወትሮው ወጣ ይላል። ስለ ቤት ስፒከር ነው። «በዋጋ ቻናል ላይ ስፒከር ምን ይሠራል?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ። አዝመራ ተሽጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ ብዙዎቻችን የቤት ዕቃ እንገዛለን። ቡና ሲገዛ ናሙና አስቆልቶ፣ አስቀምሶ፣ እርጥበት አስለክቶ የሚገዛ ሰው ስፒከር ሲገዛ ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ይከፍላል። ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የአንድ ደንበኛዬ ጥያቄ ነው። ከቡሬ አካባቢ በቆሎ የሚያመጡ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ነጋዴ ናቸው። እናታቸው አብረዋቸው ይኖራሉ፤ በጾም ወቅት በገና ማዳመጥ ይወዳሉ። ቤት ውስጥ ያለው ባለ ብዙ መብራት ትልቅ ስፒከር ሲከፈት ግን እናት «ድምፁ አለ፤ ቃሉ የለም» አሉ። ከዚያ ወዲህ «ክፈቱልኝ» ማለትም ትተዋል። ልጆቹ ደግሞ ለፊልም ቤዝ ይፈልጋሉ። ጋሼ መፍትሔው ከዚህ የሚበልጥ ስፒከር መስሏቸው «12,000 ዋት» የተጻፈበት ዕቃ ላይ ሊከፍሉ ሲሉ ደወሉልኝ። «ወንድሜ፣ ገንዘቡ ከበቆሎ መግዣው ላይ የሚነሳ ነው። ልክፈል ወይስ ልተው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አይክፈሉ፤ መጀመሪያ እንነጋገር» አልኳቸው። ከዚህ በታች ያለው ለእሳቸው በስልክ የነገርኳቸው በቅደም ተከተል ተጽፎ ነው።

🔹 1. ዋት እና ዋት ይለያያል

ካርቶን ላይ ሁለት ዓይነት ዋት ታያላችሁ። አንዱ «ፒኤምፒኦ» የሚባለው ነው። ይህ የጋራ መለኪያ የለውም፤ አምራቹ በፈለገው መንገድ አስልቶ ይጽፈዋል። ሌላው «አርኤምኤስ» ነው፤ መሣሪያው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ፒኤምፒኦ ገለባውና ድንጋዩ ሳይወጣ፣ ጆንያው ረጥቦ የተመዘነ ኩንታል ነው። አርኤምኤስ ተበጥሮና ደርቆ የተመዘነው ነው። ዋጋ የሚቆረጠው በየትኛው እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ዕቃውን አዙራችሁ ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከሶኬት ስንት ዋት እንደሚወስድ ተጽፏል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 12,000 ዋት ለ220 ሲካፈል 55 አምፔር ገደማ ይመጣል። የሳሎን ሶኬት የሚችለው ደግሞ በአብዛኛው 16 አምፔር ነው። እንግዲህ ከየት አምጥቶ ነው 12,000 ዋት የሚሰጠው? ጋሼ ሱቅ ተመልሰው ጀርባውን ሲያዩ የተጻፈው 120 ዋት ነበር። የገባው 120 ከሆነ የሚወጣው ከዚያ ሊበልጥ አይችልም። ይህ የሒሳብ እንጂ የእምነት ጉዳይ አይደለም።

በንጽጽር፣ ኤዲፋየር አር1280ቲ የሚባለው በብዙ አገር የሚሸጥ ትንሽ ስፒከር ሁለቱ ተደምረው 42 ዋት አርኤምኤስ ነው የሚለው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እውነተኛ ቁጥር ነው። ለመካከለኛ ክፍል ደግሞ ከበቂ በላይ ይጮኻል። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እንይ።

🔹 2. ከዋት ይልቅ ዴሲቤሉን አንብቡ

ጥሩ አምራች «ሴንሲቲቪቲ» ብሎ አንድ ቁጥር ይጽፋል። 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ማለት ነው። የቤት ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ84 እስከ 90 መካከል ናቸው። 85 ዴሲቤል የሆነውን እንውሰድ፦

▪️ 1 ዋት ሲሰጠው 85
▪️ 2 ዋት ሲሰጠው 88
▪️ 10 ዋት ሲሰጠው 95
▪️ 100 ዋት ሲሰጠው 105

ልብ በሉ፤ ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ደግሞ ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው፤ ለዚያ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ «ይሄ 50 ዋት፣ ያኛው 100 ዋት ነው» ብሎ እጥፍ ዋጋ የሚጠይቃችሁ ሰው እየሸጠላችሁ ያለው 3 ዴሲቤል ነው። በተቃራኒው 88 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ25 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ 85 የሆነው ለመስጠት 50 ዋት ይፈልጋል። ስፒከሩን በደንብ የመረጠ ሰው አምፕሊፋየሩ ላይ ገንዘብ ይቆጥባል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንዱ አምራች ቁጥሩን በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ይለካል። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ ሁለቱ አንድ ናቸው። 4 ኦም ከሆነ ግን 2.83 ቮልት ማለት 2 ዋት ነው፤ ቁጥሩ በ3 ዴሲቤል አብጦ ይታያል። ፈረሱላና ኪሎ እንደማናደባልቀው ሁሉ፣ ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ መለኪያው አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ሶፋ ላይ 3 ሜትር ርቃችሁ በወጉ ስታዳምጡ እያንዳንዱ ስፒከር ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ከ1 ዋት ገደማ አይበልጥም። ቀሪው ለከበሮው ምት፣ ለፊልሙ ፍንዳታ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ነው። ለአንድ ሳሎን ለእያንዳንዱ ጎን ከ30 እስከ 60 እውነተኛ ዋት ይበቃል።

🔹 3. ሦስት ነገር ተመኝታችሁ ሁለቱን ታገኛላችሁ

በድምፅ ምህንድስና የታወቀ ሕግ አለ፤ በአንቶን ሆፍማን ስም ይጠራል። ሰውየው ኬኤልኤች የተባለውን የአሜሪካ ስፒከር አምራች ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ በስሙ ውስጥ ያለው የመጨረሻው «ኤች» የእሳቸው ነው። ሕጉ ይህን ይላል፦ ሣጥኑ ትንሽ እንዲሆን፣ ቤዙ ጥልቅ እንዲሆን እና በትንሽ ዋት ብዙ እንዲጮህ ብትፈልጉ ሁለቱን ብቻ ትመርጣላችሁ፤ ሦስተኛው ይቀራል።

ይህን የያዘ ሰው ግማሹን የሱቅ ወሬ ያጣራል። «ትንሽ ናት ግን ቤዟ ቤት ታነቃንቃለች» ከተባላችሁ አንድ ነገር ተሰውሯል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ትክክለኛው ጥልቅ ድምፅ ቀርቶ ከሱ ከፍ ያለው «ቡም ቡም» ብቻ እንዲያብጥ መደረጉ ነው። ጆሮ ለአምስት ደቂቃ ይወደዋል። ከዚያ በኋላ ያደክማል፤ የዘፋኙንም ቃል ይውጠዋል።

የጋሼ እናት «ቃሉ የለም» ያሉት ይሄንን ነው። የንግግር ፊደላት፣ በተለይ «ሰ»፣ «ተ»፣ «ፈ» የሚለዩት ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝና ከዚያም በላይ ባለው ድምፅ ነው። በዕድሜ የገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። በዚያ ላይ ያበጠ ቤዝ ሲደመርበት የቀረውንም ይሸፍነዋል። በገናን አስቡት። አሥሩ አውታሮች ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ ያ የሚታወቀው እዝታ ግን አውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ፣ እስከ ቀጭኑ ድምፅ የሚዘልቅ ነው። ቤዝ ብቻ ያበጠ ስፒከር እዝታውንም ቃሉንም ጎርፍ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ለእናት የሚያስፈልገው የበለጠ የሚጮህ ሳይሆን የተስተካከለ ነው።

🔹 4. ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉን አስተካክሉ፤ ወጪ የለውም

ስፒከርን ጥግ ላይ ማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ጥግ ግን ቤዝን ያሳብጣል፤ ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች ወፍራሙን ድምፅ እየመለሱ ይደርቡበታል። የእኛ ሳሎን ደግሞ ብሎኬት ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ ሰፊ መስታወት ነው። ድምፁ እየተላተመ ቃል ከቃል ይደባለቃል።

እንዲህ አድርጉ፦

▪️ ስፒከሮቹን ከጥግ አውጡ፤ ከኋላ ግድግዳ ቢያንስ 30 እና 40 ሳንቲሜትር አርቁ።
▪️ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀት እና ከእያንዳንዱ እስከ እናንተ ያለው ርቀት ይቀራረብ፤ ሦስት ማዕዘን ይሥራ።
▪️ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ (ትዊተር) በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ይሁን። ወለል ላይ የተቀመጠ ስፒከር ለጉልበታችሁ ነው የሚዘፍነው።
▪️ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ።

ጋሼ ያንኑ ቀን ማታ አሮጌውን ስፒከር ከጥግ አወጡት፤ የቤዙን ቁልፍ ቀነሱት። በማግሥቱ «እናቴ ትንሽ ተሻለ አለችኝ» ብለው ደወሉ። ከችግሩ የተወሰነው በነፃ የሚፈታ ነበር ማለት ነው። የቀረው ግን የዕቃው ጉድለት ነው።

🔹 5. አምፕ ያለው ወይስ የሌለው?

«አክቲቭ» የሚባለው አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ ነው፤ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ይገናኛል፣ አለቀ። «ፓሲቭ» ለብቻው አምፕ ይፈልጋል።

አክቲቭ ጥሩነቱ ርካሽና ቀላል መሆኑ ነው። ጉዳቱ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሙሉው መቆሙ ነው። ፓሲቭ ሲገዛ ወጪው ከፍ ይላል፤ ግን ውስጡ የሚቃጠል ኤሌክትሮኒክስ ጥቂት ስለሆነ በደንብ የተያዘ ስፒከር 20 ዓመትም ያገለግላል። አምፑ ቢበላሽ አምፑን ብቻ ትቀይራላችሁ። ዲፕሎማ ስንማር «የግዢ ዋጋና የባለቤትነት ወጪ አንድ አይደሉም» ይሉን የነበረው ይሄንን ነው።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ! የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። ከዚያ የመጣ አምፕ ወይም አክቲቭ ስፒከር ጀርባው ላይ «120 ቮልት» ብቻ ካለ፣ ትራንስፎርመር ሳይኖር እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። «100–240 ቮልት» ካለ ችግር የለም። ፓሲቭ ስፒከር ግን ሶኬት ላይ ስለማይሰካ የቮልቴጅ ጣጣ የለበትም። ስለዚህ «ምን ላምጣልህ?» የሚል ዘመድ ካላችሁ መልሱ «ፓሲቭ ስፒከር» ነው፤ አምፑን 220 ቮልት የሆነውን እዚሁ ፈልጉ።

🔹 6. በስውር ቅምሻ፣ እንደ ቡናው

ናሙና ለቅምሻ ሲቀርብ የማን ቡና እንደሆነ አይጻፍም፤ ኮድ ነው ያለው። ለምን? ቀማሹ ስም ካየ ምላሱ ያደላል። ስፒከርም እንደዚያው ነው። ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ጥናት፣ አድማጮች ስፒከሩን እያዩ ሲሰሙ እና በመጋረጃ ተሸፍኖ ሲሰሙ የሚሰጡት ነጥብ እንደሚለያይ አሳይቷል። መጠኑ፣ ስሙና ዋጋው ጆሮን ያታልላል። ቱል ለረጅም ዓመታት ያደረጓቸው ጥናቶች ያሳዩት ሌላው ነገር፣ በስውር ሲሰማ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ወፍራሙንም ቀጭኑንም ሳያሳብጥ እኩል የሚያወጣውን ስፒከር መሆኑን ነው።

ሱቅ ስትሄዱ፦

▪️ ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ ድምፃቸው እኩል ይሁን። ትንሽ ከፍ ብሎ የተከፈተው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላል። ሻጭ ሊሸጥ የፈለገውን ከፍ ያደርጋል፤ ይሄ የቆየ ዘዴ ነው። የስልክ ድምፅ መለኪያ አፕ ለማነጻጸር በቂ ነው።
▪️ ጀርባችሁን አዙሩ፤ አብሯችሁ የመጣው ሰው ይቀያይርላችሁ። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ምረጡ።
▪️ ሻጩ ከሚከፍተው ዘፈን ይልቅ በደንብ የምታውቁትን ይዛችሁ ሂዱ። የእኔ ምርጫ ሦስት ነው፦ ለበገና የዓለሙ አጋ ቅጂ (ኢትዮፒክስ ቁጥር 11)፣ ለመሣሪያ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ (ኢትዮፒክስ ቁጥር 4)፣ እና የዜና አንባቢ ድምፅ። ዜና አንባቢው ጉሮሮው በርሜል ውስጥ ያለ ከመሰለ ያንን ስፒከር ተዉት።
▪️ ቢያንስ 20 ደቂቃ አዳምጡ። ያበጠው ስፒከር የሚያደክመው ከቆይታ በኋላ ነው።

🔹 7. ያገለገለ ስትገዙ

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአዲስ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ ግን ፈትሹ፦

▪️ የዉፈሩ ዙሪያ ያለው ጠርዝ ስፖንጅ ከሆነ በጣት በቀስታ ንኩት። ከዓመታት በኋላ እየፈረሰ ይሄዳል። ጎማ ከሆነ ብዙ ይቆያል።
▪️ ሾጣጣውን በአራት ጣት እኩል አድርጋችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። «ክርር» የሚል መፋተግ ከተሰማ ጥቅልሉ ተጎድቷል።
▪️ ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ሞዴል ይሁኑ፤ ውስጣቸውም ያልተቀየረ ይሁን። የተላጨ ብሎን የተከፈተ ጆንያ ማለት ነው።
▪️ በቴስተር ለኩ። 8 ኦም የሚባል ስፒከር ብዙውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል። ዜሮ ወይም ምንም ካላሳየ አትግዙ።
▪️ ታዋቂ ስም የተለጠፈበት ሁሉ የዚያ ኩባንያ ዕቃ አይደለም። የሞዴል ቁጥሩን በስልካችሁ ፈልጉ፤ ፎቶው፣ የቀዳዳው ቦታ፣ ክብደቱ መመሳሰል አለበት።

🔹 8. በጀቱን እንዴት እንከፋፍል?

በብር መጠን አልናገርም፤ ዋጋው በየሳምንቱ ይለያያል። በመቶኛ ግን የእኔ ድርሻ አከፋፈል ይህ ነው፤ ፓሲቭ ለሚገዛ፦

▪️ ስፒከር — 55 በመቶ
▪️ አምፕ — 30 በመቶ
▪️ ማቆሚያ፣ ሽቦና ምንጣፍ — 10 በመቶ
▪️ ከመብራት መዋዠቅ የሚከላከል መሣሪያ — 5 በመቶ

ድምፁን በዋናነት የሚወስነው ስፒከሩና ክፍሉ ነው። ሽቦ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ኤሌክትሪሺያን ለመብራት መስመር የሚጠቀምበት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ለ5 ሜትር ርቀት በደንብ ይበቃል። ይልቅ ፕላስና ማይነሱን አትሳቱ። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ የሁለቱ ቤዝ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ።

ሰብዉፈር ለጊዜው ይቆይ። መጀመሪያ ጥሩ ሁለት ስፒከር ይግባ፤ በሚቀጥለው አዝመራ ቤዝ ይጨመራል። ሁሉንም በአንድ ካርቶን በአንድ ጊዜ ልግዛ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሁሉንም ከደረጃ በታች ይገዛል።

🔹 ጋሼ ምን ወሰኑ?

ባለ 12,000 ዋቱን ተዉት። ባለ 6 ኢንች ዉፈር፣ ጎማ ጠርዝ ያለው፣ ያገለገለ የመደርደሪያ ፓሲቭ ስፒከር እና ለእያንዳንዱ ጎን 40 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ አምፕ ገዙ። ሱቁ ውስጥ ሲያወዳድሩ እናታቸውን ወስደው ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው በገናውን ሰሙና «በሁለተኛው ቃሉ ይሰማኛል» አሉ። ጋሼ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ልጆቹ በቤዙ ትንሽ አኩርፈዋል፤ ሰብዉፈሩ ለከርሞ ተቀጥሯል። ከበቆሎ መግዣው የተነሳው ገንዘብ መጀመሪያ ከታሰበው ያነሰ ሆነ።

ስለ ልጆች ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም በሥራ ቦታ ለ8 ሰዓት የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ94 ዴሲቤል አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የተጎዳ ጆሮ ደግሞ እንደ ዉፈር አይቀየርም።

✅ ለማጠቃለል፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሚጠየቁ 7 ጥያቄዎች፦

1. ዋቱ አርኤምኤስ ነው? ጀርባው ላይ ያለው ከሚባለው ጋር ይስማማል?
2. ሴንሲቲቪቲው ስንት ነው? የተለካው በዋት ነው በቮልት?
3. ከትንሽ ሣጥን፣ ከጥልቅ ቤዝ እና ከብዙ ጩኸት የትኛው ቀርቷል?
4. ቮልቴጁ 220ን ይቀበላል?
5. በእኩል ድምፅ፣ ሳላይ፣ በራሴ ዘፈን አዳምጫለሁ?
6. ክፍሌ ውስጥ ከጥግ ውጪ የሚቀመጥበት ቦታ አለ?
7. ቤት ውስጥ በብዛት የሚያዳምጠው ሰው ራሱ ሰምቶ መርጧል?

ሰባተኛውን አትዝለሉት። ቡናም ሲገዛ የሚጠጣው ሰው ምላስ ነው የሚቆጠረው።

ሱቅ ሄዳችሁ የተጠራጠራችሁበት ዕቃ ካለ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን። ነገ ሰኞ ጠዋት እንደተለመደው በቡናና በበቆሎ ዋጋ እንገናኛለን። መልካም እሁድ!